ስያሜ ከቃሉ ወይስ ከነገሩ? ስለ ቅይጦች ደቂቅ መዋቅር የሙያ ቃላት የቀረበ ሒስ

1. የጉዳዩ መነሻ

አንድ ነገር ስም ሳይወጣለት ብዙ ዘመን ሥራውን ሲሠራ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ጥሩ አብነት የሚሆነን የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ያበረሩት አውሮፕላን ሞተር ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሞተሩ ቀፎ በክብደት 8 ከመቶ መዳብ ካለበት የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ሲሆን፣ ቅይጡ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የረጋ ነበር። ፍራንክ ጌይልና ማርታ ጉድዌይ ይህንኑ ቀፎ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምረው ውጤቱን በ1994 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲያወጡ፣ በአሉሚኒየሙ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የመዳብ አቶሞች ክምችቶች ተበትነው እንደሚገኙ አስረዱ። ክምችቶቹ በመጠን ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛዎቹ ከ10 እስከ 22 ናኖሜትር የሚደርሱና ከቀፎው አቀራረጽ የመነጩ፣ ሁለተኛዎቹ 3 ናኖሜትር ያህል የሆኑና በተከታዮቹ 90 ዓመታት ቀስ በቀስ የተፈጠሩ ናቸው።

እንዲህ ያሉት ክምችቶች ቅይጡን ያጠነክሩታል። ይሁን እንጂ ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም ይህን ዓይነት መጠንከር በሙከራ ደርሶበት በጽሑፍ ያሳወቀው በ1911 ነው። ሜሪካና ጓደኞቹ ምክንያቱን ያብራሩት በ1919 ሲሆን፣ ጊኒየና ፕሬስተን እርስ በርስ ሳይመካከሩ ክምችቶቹን በኤክስሬይ ያወቁት ደግሞ በ1938 ነው። እንግዲህ ነገሩ ከስሙ በብዙ ዓመት ቀድሞ ነበረ ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ስሙን አስቀድመን ከባዕድ ቋንቋ መዝገበ ቃላት እናገኛለን፤ ነገሩን ኋላ እንፈልገዋለን። ከዚህም የተነሣ ተርጓሚው ነገሩን ሳይሆን ቃሉን ይተረጉማል። ይህ ልማድ የሚያስከትለው ጉዳት በሌላ የዕውቀት ዘርፍ ተሸፋፍኖ ሊያልፍ ይችል ይሆናል፤ በብረት ሳይንስ ግን ተማሪው በእጁ ሥዕል ይዞ ስለሚቀመጥ ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። ቃሉ የተሳሳተ ጥያቄ ካስጠየቀው ሥዕሉን በተሳሳተ መንገድ ያነባል፤ ቅይጡን ስንት ሰዓት በምን ያህል ሙቀት ማቆየት እንዳለበት የሚወስነውም በዚሁ ንባብ ተመርቶ ነው።

በዚህ ሒስ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። ለእንዲህ ያለ ጽንሰ ሐሳብ የሚወጣ ስያሜ ከባዕዱ ቃል ተራ ፍች ወይም ነገሩ በሥዕል ላይ ካለው መልክ መቀዳት የለበትም፤ ነገሩ ከጎረቤቶቹ ጋር ካለው ግንኙነት መቀዳት ይገባዋል። ይህ በማይቻልበት ጊዜ የውሰት ቃል ይሻላል። አሳቡን በጥቂት ቃላት ላይ እንፈትነው።

2. መሣሪያው፦ ማጉላትና መለየት

ማይክሮስኮፕን «አጉሊ መነጽር» ማለት የቆየ ልማድ ነው። «መነጽር» «ነጸረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የተገኘ የመሣሪያ ስም ስለ ሆነ በሥርወ ቃሉ ነቀፋ የለበትም። ዛሬ ግን ሰሚው ቃሉን ሲሰማ የሚያስበው መስተዋት ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ ጨረሩን የሚሰበስብ መስተዋት የለም። ማክስ ክኖልና ኤርንስት ሩስካ በ1931 በርሊን ላይ የመጀመሪያውን ሲሠሩ፣ የሌንሱን ተግባር የፈጸመው የኤሌክትሪክ ጅረት በሚያልፍባቸው የሽቦ ጥቅልሎች ዙሪያ የሚፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ ነበር። ሩስካ ለዚህ ሥራው በ1986 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ከ«መነጽር» ይልቅ የሚያሳስበን «አጉሊ» የሚለው ነው። የመሣሪያው ቁም ነገር ማጉላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብርሃን በበቃ ነበር። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ስለሚሆን፣ በብርሃን የሚሠራው የተለመደው ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ያህል ባነሰ ርቀት የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን ነጣጥሎ ማሳየት አይችልም። ምስሉን የፈለጉትን ያህል ቢያጎሉት ብዥታው ይሰፋል እንጂ ነጥቦቹ አይለያዩም። በ100 ኪሎቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን የሞገድ ርዝመት ግን 0.0037 ናኖሜትር ነው። የመግነጢሳዊ ሌንሶቹ ጉድለት ይህን ሁሉ ጥቅም እንዳናገኝ ቢያደርግም፣ ዛሬ ጉድለታቸው የታረመላቸው መሣሪያዎች ከ0.1 ናኖሜትር በታች ያለውን ርቀት ይለያሉ። በራይት ሞተር ቀፎ ውስጥ የነበሩት ባለ 3 ናኖሜትር ክምችቶች የታወቁት የተሻለ የመለየት ችሎታ በመገኘቱ ነው።

ስለዚህ «ሪዞሉሽን» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ገልጦ «ውሳኔ» ማለት አስቂኝ ስሕተት ቢሆንም፣ «ጥራት» ማለትም አይበቃም። ጥራት የወረቀቱም የቀለሙም የማጠቢያውም ጉዳይ ነው። «የመለየት ኀይል» ብንል ግን ተማሪው «ምንን ከምን?» ብሎ እንዲጠይቅ እንገፋፋዋለን፤ ትክክለኛው ጥያቄም ይኸው ነው።

የመሣሪያውን ሁለት ዋና ዓይነቶች በተመለከተም እንዲሁ ነው። ጨረሩ በስሱ ናሙና ውስጥ ዘልቆ የሚያልፍበትን «ማስተላለፊያ» ብንለው ሰሚው የሬዲዮ ጣቢያ ያስባል። «ዘለቅ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ» ብንለው ግን ናሙናው ለምን እስከ 100 ናኖሜትር ያህል መሳሳት እንዳለበት ስሙ ራሱ ይናገራል። ጨረሩ የናሙናውን ገጽ መስመር በመስመር እየዳሰሰ የሚሄድበትን ደግሞ «ቃኚ» ማለት ከ«ቃኘ» ግስ ጋር የሚስማማ ጥሩ ስያሜ ነው።

«ኮንትራስት» የሚለውን «ንጽጽር» ወይም «ተቃርኖ» ብሎ መተርጐም የቃል ትርጕም ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በምስሉ ላይ ማንም አይነጻጸርም፤ የሚቃረንም የለም። ያለው የድምቀት ልዩነት ነው። ለዚያውም ጨለማው ቦታ የግድ ወፍራም ወይም ቆሻሻ አይደለም። የአቶሞቹ ረድፎች ከጨረሩ አንጻር በተወሰነ ዘንበልታ ሲቆሙ ብዙዎቹን ኤሌክትሮኖች ወደ ጎን ስለሚመልሷቸው ቦታው ይጠቁራል። «የድምቀት ልዩነት» ረዘም ቢልም ምንም አይዋሽም።

3. ቁሱ፦ ብረት፣ ቅይጥ፣ ደቂቅ መዋቅር

አማርኛ «ብረት» ሲል አንድን ንጥረ ነገርም፣ የንጥረ ነገሮቹን ወገን በሙሉም ማለቱ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ችግር አይፈጥርም። በሙያ ቃል ግን «የአሉሚኒየም ቅይጥ ብረት» የሚል ሐረግ ተማሪውን ግራ ያጋባዋል፤ በውስጡ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር አለበትን? የመማሪያ መጻሕፍት ለወገኑ ስም «ብረት አስተኔ» ማለታቸው ይህንኑ ለማቃለል ነውና ሊደገፍ ይገባዋል። ለ«አሎይ» ደግሞ «ብረት» የሚለውን ትተን «ቅይጥ» የሚለውን ብቻ እንደ ስም ብንይዘው ይበቃል፤ «የአሉሚኒየምና የመዳብ ቅይጥ» ሲባል የሚጐድል ነገር የለም።

«ውህድ ብረት» የሚለው ግን መወገድ ያለበት ነው። በኬሚስትሪ ትምህርታችን «ውህድ» ንጥረ ነገሮች በተወሰነ መጠን ተዋሕደው የሚያስገኙት አዲስ ነገር ስም ሆኖ ጸንቷል። ቅይጥ ግን መጠኑ እንደ ሠሪው ፈቃድ ይለያያል። ነገሩን የሚያከብደው፣ በቅይጥ ውስጥ እውነተኛ ውህድ ሊገኝ መቻሉ ነው። በአሉሚኒየምና መዳብ ቅይጥ ውስጥ ሁለት የአሉሚኒየም አቶም ለአንድ የመዳብ አቶም የሚደርስበት ውህድ ይፈጠራል። ቅይጡን ውህድ ካልን ይህን ምን ልንለው ነው?

«ማይክሮስትራክቸር» የሚለውን «ረቂቅ መዋቅር» ማለት በመጀመሪያ ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን «ረቂቅ» በጽሕፈት ቤት አማርኛ ገና ያልጸደቀ ሰነድ ነው፤ «መዋቅር»ም የመሥሪያ ቤት የሥልጣን አደረጃጀት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ «ረቂቅ መዋቅር» ለውይይት የቀረበ የመሥሪያ ቤት አደረጃጀት ይመስላል። «ደቂቅ» ግን «ደቂቅ ዘአካላት» በሚለው ስያሜ አማካይነት በዐይን የማይታይ ትንሽነትን ለመግለጽ በሳይንስ አማርኛ ቦታ ይዟል። ስለዚህ «ደቂቅ መዋቅር» እንመርጣለን።

4. «ግሬይን»፦ ቅንጣት ወይስ ማሳ?

የቀለጠ ብረት አስተኔ ሲረጋ ክሪስታሎች በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ። እያንዳንዱ የአቶሞቹን ረድፎች በራሱ አቅጣጫ እየደረደረ ያድግና ከጎረቤቱ ጋር ሲጋጠም ይቆማል። በመካከላቸው ባዶ ቦታ የለም፤ ያለው ጥቂት አቶሞች ያህል ውፍረት ያለው ድንበር ነው። እንግሊዝኛ ይህን የእህል ፍሬ በሚያስታውስ ቃል ይጠራዋል።

ቃሉን የተከተለ ተርጓሚ «ቅንጣት» ይላል። «ቅንጣት» ግን የስንዴ ወይም የአሸዋ ነጠላ ፍሬ ነው፤ ለብቻው ተነሥቶ በእጅ የሚያዝ፣ ከሌላው ጋር ሲከመር ክፍተት የሚተው ነው። ከዚህም የከፋው የሚያሳድረው ግምት ነው። ሆል በ1951፣ ፔች በ1953 እንዳሳዩት፣ እነዚህ ክፍሎች ባነሱ ቍጥር ብረቱ ይጠነክራል። «ቅንጣት» ብሎ የተማረ ሰው ግን ቅንጣቱ ሲደቅ ዱቄት እንደሚሆን ነው የሚያውቀው፤ ዱቄትም ብን ብሎ የሚጠፋ ነገር ነው። ቃሉ ከእውነቱ ተቃራኒውን ያስተምረዋል። በተጨማሪም ፊዚክስ «ቅንጣት»ን ለሌላ ጽንሰ ሐሳብ ወስዶታል።

በእኛ ገበሬ ቃላት ውስጥ ለዚህ ግንኙነት የሚቀርብ ቃል አለ፤ እርሱም «ማሳ» ነው። ማሳ ከማሳ ጋር ያለ ክፍተት በድንበር ይጋጠማል። እያንዳንዱ ማሳ ትልሙ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ የጎረቤቱ በሌላ። ትልም ድንበር ሲደርስ ይቆማል እንጂ ተሻግሮ አይቀጥልም። በብረት አስተኔው ውስጥም በአንዱ ክሪስታል የተጀመረ መንሸራተት ድንበር ሲደርስ ይታገዳል፤ ማሳዎቹ ባነሱ ቍጥር ድንበሩ ስለሚበዛ ዕገዳውም ይበዛል። ሆልና ፔች ያገኙት ሕግ ከስሙ ጋር አይጣላም ማለት ነው።

ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው ማሳ ስፋት እንጂ ጥልቀት የለውም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን መምህሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያቃናው ጕድለት ነው። ሁለተኛው ከፊዚክሱ «መስክ» ጋር ይምታታል የሚል ሲሆን፣ ሁለቱ ቃላት በአማርኛ ተለያይተው የቆሙ ስለ ሆኑ ሥጋቱ ጠንካራ አይደለም። በአንጻሩ «የማሳ ድንበር»፣ «የማሳ ዕድገት»፣ «ንዑስ ማሳ» እያልን ቤተሰቡን ያለ ችግር ማርባት እንችላለን።

5. «ፌዝ»፦ ሙሉ ስሕተትና ባዶ ትክክል

ዊላርድ ጊብስ ከ1875 እስከ 1878 በታተመው ታላቅ ጽሑፉ ወደ ሳይንስ ያስገባው ይህ ቃል፣ በይዘቱና በውስጥ አሠራሩ አንድ ዓይነት የሆነውንና ከሌላው በግልጽ ወሰን የሚለየውን የቁስ ክፍል ያመለክታል። በአንድ ቅይጥ ውስጥ ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የቃሉን ተራ ፍች የያዘ ተርጓሚ «ደረጃ» ወይም «ምዕራፍ» ይላል። ሁለቱም የጊዜ ቃላት ናቸው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። «ሁለት ደረጃ ያለው ቅይጥ» የሚለውን ያነበበ ተማሪ በሥዕሉ ላይ የሚታዩትን ነጭና ጥቍር ቦታዎች ቀድሞና ኋላ የመጡ አድርጎ ይወስዳል። «ገጽታ» ከግሪክኛው ሥርወ ቃል ጋር ቢቀራረብም፣ «ገጽ» በዚሁ ሙያ የናሙናውን ላይኛ ክፍል ለማመልከት የሚያስፈልግ ስለ ሆነ ያምታታል።

ቃሉን እንዳለ እንዋስ ብንል ደግሞ «ፌዝ» በአማርኛ ቀልድና ማላገጥ ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች «ሦስት ፌዝ» ሲሉ የሙያ ጓደኞቻቸው ስለሚያውቁት ማንም አይስቅም። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ «የቅይጡ ፌዝ» ብሎ መጻፍ ግን ደራሲውን ራሱን ለፌዝ ያጋልጠዋል። ስለዚህ በፈረንሳይኛው አነባበብ «ፋዝ» ብለን ብንዋስ ሁለት ጥቅም እናገኛለን፤ ከመላገጡም ከኤሌክትሪኩም እንለየዋለን። «ፋዝ» ለአማርኛ ሰሚ ባዶ ቃል ነው። ባዶ ቃል ትርጓሜ ተሰጥቶት ይሞላል፤ በስሕተት የተሞላ ቃል ግን መጀመሪያ መፍሰስ አለበት፤ ይህም ከመሙላት ይከብዳል።

6. «ፕሪሲፒቴት» እና «ኤጂንግ»፦ ዝቃጭ የማይዘቅጥበት፣ ዕድሜ የማያስረጅበት

ወደ አሉሚኒየምና መዳብ እንመለስ። 4 ከመቶ ያህል መዳብ ያለበት ቅይጥ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ መዳቡ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ሟምቶ አንድ ጠጣር ሙሙት ይሆናል። በድንገት ውኃ ውስጥ ሲነከር መዳቡ ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ በግድ እንደ ሟማ ይቀራል። ከዚያ በክፍል ሙቀት ወይም ከ100 እስከ 200 ዲግሪ ባለው መጠነኛ ሙቀት ሲቆይ የመዳብ አቶሞች በያሉበት እየተሰባሰቡ አንድ አቶም ያህል የሚሳሱ ዝርግ ክምችቶች ይሠራሉ፤ ቆይታው ሲረዝም እነዚህ በሌሎች እየተተኩ በመጨረሻ ወደ ተናገርነው ውህድ ይደርሳሉ።

በኬሚስትሪ ለ«ፕሪሲፒቴት» የተለመደው «ዝቃጭ» ነው። ብርጭቆ ውስጥ ላለ ፈሳሽ ቃሉ ትክክል ነው፤ ነገሩ በእርግጥ ወደ ታች ይዘቅጣልና። በጠጣር ውስጥ ግን ወደ ታች የሚወርድ ነገር የለም። እንግሊዝኛውም ከላይ ወደ ታች መውደቅን ከሚያመለክት የላቲን ቃል የመጣ ነው ተብሎ ይመለስልን ይሆናል። ልዩነቱ የእነርሱ ምሳሌያዊነት የሞተ፣ የእኛው ግን ሕያው መሆኑ ነው። «ዝቃጭ» ያልን እንደ ሆነ የሚታሰበን አጥልለን የምንጥለው ነገር ነው፤ ከዚያም አልፎ ቃሉ ለሰው ስድብ ሆኗል። የአውሮፕላኑን ክንፍ የሚሸከመውን የጥንካሬ ምንጭ በዚህ ስም መጥራት ተማሪውን ከቅይጡ ለማስወገድ እንዲጣጣር ማስተማር ነው።

«ጤዛ» የሚል አሳብ ሊቀርብ ይችላል። አየር ሲቀዘቅዝ የመያዝ ችሎታው ቀንሶ እርጥበቱ ባለበት ስለሚወጣ ንጽጽሩ ውብ ነው። ጤዛ ግን በአማርኛ የኃላፊነት፣ ቶሎ የመጥፋት ምልክት ስለ ሆነ ለጥንካሬ ምንጭ አይስማማም። እኛ የምናቀርበው «ቋጠሮ» የሚለውን ነው። ዛፍ ፍሬ ይቋጥራል፤ የተቃጠለ ቈዳ ውኃ ይቋጥራል። በሁለቱም ነገሩ ከውስጥ ተሰብስቦ ባለበት ይያዛል። «መዳቡ ቋጠረ»፣ «መቋጠር»፣ «በቋጠሮ መጠንከር» እያልን ግሱንም ስሙንም ከአንድ ሥር እናገኛለን። «ዝቃጭ» ለፈሳሹ ይቅር።

«ኤጂንግ» ላይ ያለው ስሕተት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «ማርጀት» ወይም «እርጅና» በአማርኛ መድከም ነው፤ ይህ ቅይጥ ግን ሲቆይ ይበረታል። ተፈላጊው ነገር ቀናትን አስቈጥሮ ማቆየት ስለ ሆነ «ማሰንበት» የሚለው ይስማማዋል። ቪልም ያየው መጠንከርም ቅይጡ ከተነከረ በኋላ በመሰንበቱ የመጣ ነው። ታዲያ «እርጅና» ይጣል ማለታችን አይደለም። ቅይጡ ከመጠን በላይ ሲሰነብት ቋጠሮዎቹ ጥቂትና ትልልቅ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል፤ ጥንካሬውም ይቀንሳል። ለዚህ እንግሊዝኛ «ከመጠን ያለፈ» የሚል ቅጥያ ይጨምራል። አማርኛ ግን ቃሉ በእጁ ነው፤ ይህ እርጅና ነው። ሁለት ጽንሰ ሐሳብ፣ ሁለት ቃል።

7. «ዲስሎኬሽን»፦ የማይታከም ውልቃት

ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ በ1934 እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አንድ ጥያቄ መለሱ። ብረት አስተኔ በስሌት ከሚጠበቀው እጅግ ባነሰ ኀይል የሚታጠፈው ለምንድን ነው? መልሳቸው፣ የአቶሞቹ ረድፎች ሁሉም በአንድ ጊዜ አይንሸራተቱም፤ በተንሸራተተውና ገና ባልተንሸራተተው ክፍል መካከል ያለ አንድ መስመር ቀስ በቀስ እየተጓዘ ሥራውን ይፈጽማል የሚል ነበር። ሰፊ ምንጣፍ በሙሉ ከመጐተት፣ በአንድ ጫፉ እጥፋት አበጅቶ እጥፋቱን ወደ ሌላው ጫፍ መግፋት እንደሚቀል ማለት ነው። መስመሩን ግን ያየው አልነበረም። በ1956 ሂርሽ፣ ሆርንና ዌላን በኬምብሪጅ በስስ የአሉሚኒየም ቅጠል ውስጥ መስመሮቹን በዘለቅ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩአቸው፤ ሲንቀሳቀሱም ተመለከቱ። በዚያው ዓመት ቦልማን በጄኔቫ በማይዝግ ብረት ውስጥ ያንኑ አሳየ። ከሞተሩ ቀፎ ታሪክ በተቃራኒ፣ እዚህ ስሙ ከመታየቱ 22 ዓመት ቀደመ።

የሕክምና መዝገበ ቃላት ለዚህ ቃል «ውልቃት» ይሰጠናል። ውልቃት የመገጣጠሚያ ነው፤ በአንድ ነጥብ ላይ ይደርሳል፤ ጉዳት ነው፤ ወጌሻ ይመልሰዋል። እዚህ ያለው ግን ነጥብ ሳይሆን መስመር ነው፤ ተመላሽ አይደለም፤ ጉዳት ብቻም አይደለም። ይህ መስመር ባይኖር ባለ እጁ የጋለውን ብረት በመዶሻ ማረሻ አድርጎ ሊያወጣው ባልቻለ ነበር። የቋጠሮዎቹና የማሳ ድንበሮቹ ጥቅም የሚገባንም መስመሩ ተጓዥ መሆኑን ስናውቅ ነው፤ መንገዱን ይዘጉበታልና። «ውልቃት» ይጓዛል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም።

«ዝንፍ አለ» ማለት ከቦታው በጥቂቱ ሸርተት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ዝንፍ ያለውን ካላለው የሚለየውን መስመር «ዝንፍ መስመር» ብንለው፣ ስያሜው ራሱ የጽንሰ ሐሳቡ አጭር ትርጓሜ ይሆናል።

8. ከሌሎች ስያሜዎች ታሪክ ምን እንማራለን?

ባለ መሣሪያዎቹ አገሮች ራሳቸው በስያሜ አልተሳሳቱም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ በ1860ዎቹ አረብ ብረትን አልስልሶ በአሲድ ካስነከሰ በኋላ በማይክሮስኮፕ መመልከት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የታዩት ክፍሎች በየጊዜው ስም ተሰጣቸው። የዕንቍ ነጸብራቅ ያለው «ፐርላይት» ተባለ፤ ፈረንሳዊው ኦስሞን በ1895 በድንገት የተነከረውን አረብ ብረት ጠንካራ ክፍል ጀርመናዊውን ማርተንስን ለማስታወስ «ማርተንሳይት» አለው፤ «ሶርባይት» የሶርቢ፣ «ትሩስታይት» የኬሚስቱ የትሮስት መታሰቢያ ሆኑ።

የኋለኞቹ ሁለቱ ዛሬ ከሙያው ቃላት ወጥተዋል ማለት ይቻላል። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ፣ በዝግታ በመቀዝቀዝ የተገኙት «ሶርባይት»ና «ትሩስታይት» ንብርብሩ እየደቀቀ የሄደ ፐርላይት ብቻ መሆናቸው ታወቀ። የተለዩ መስለው የታዩት የብርሃን ማይክሮስኮፕ ንብርብሩን ለመለየት ስላልቻለ ነበር። እንግዲህ ስም የተሰጠው ለመሣሪያው ድክመት ነበር ማለት ነው። «ማርተንሳይት» ግን በአንጻሩ ከአረብ ብረትም አልፎ ለሌሎች ቅይጦች ይነገራል፤ ምክንያቱም አቶሞቹ ሳይበታተኑ በኅብረት ቦታ በመለወጣቸው የሚገኝ መሆኑ ታውቆ፣ ጽንሰ ሐሳቡ በመልኩ ሳይሆን በአፈጣጠሩ ተወሰነ።

ሦስቱም ስሞች የሰው መታሰቢያ ናቸው፤ ስለዚህ የአንዱ መኖርና የሁለቱ መሞት በቃላቱ ጠባይ አይተረጐምም። የሚተረጐመው ጽንሰ ሐሳቡ በምን እንደ ተከለለ ነው። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በመልክ የተከለለ ስያሜ የሚኖረው የተሻለ መሣሪያ እስኪመጣ ብቻ ነው። «ማሳ»ን የመረጥነውም በሥዕሉ ላይ ማሳ ስለሚመስል አይደለም፤ የድንበሩና የአቅጣጫው ግንኙነት በማንኛውም መሣሪያ ቢታይ የማይለወጥ ስለ ሆነ ነው።

9. ማጠቃለያ

ሁሉንም በውሰት ቃል እንጻፍ የሚሉ ወገኖች አሉ። የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው ይህ ያመቻል፤ ለዚህም ነው «ማይክሮስኮፕ»ን፣ «ክሪስታል»ን፣ «ፋዝ»ንና «ማርተንሳይት»ን የተቀበልነው። ውሰት ቃል ግን በአማርኛ ግስ ሆኖ አይረባም፤ «መዳቡ ቋጠረ» እንደምንል በውሰቱ ቃል ማለት አንችልም። ሙያ ደግሞ በስም ብቻ አይነገርም፤ የሙያ ሰው የሚሠራውን የሚነግረን በግስ ነው።

ያቀረብናቸውን ለማስታወስ ያህል፦ ለ«ሪዞሉሽን» የመለየት ኀይል፤ ለ«ኮንትራስት» የድምቀት ልዩነት፤ ለ«አሎይ» ቅይጥ፤ ለ«ማይክሮስትራክቸር» ደቂቅ መዋቅር፤ ለ«ግሬይን» ማሳ፤ ለ«ፌዝ» ፋዝ፤ ለ«ፕሪሲፒቴት» ቋጠሮ፤ ለ«ኤጂንግ» ማሰንበት፤ ከመጠን ላለፈው እርጅና፤ ለ«ዲስሎኬሽን» ዝንፍ መስመር።

እነዚህ ለውይይት የቀረቡ እንጂ የተፈረደባቸው አይደሉም። የሚፈተኑበት መንገድ ግን የኮሚቴ ድምፅ ብቻ ሊሆን አይገባም። ቃሉን ከሥዕሉ ጋር ለአንድ የሙያ ተማሪ ወይም ለአንድ ባለ እጅ ሰጥቶ «ይህ ቢበዛ ብረቱ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቃሉ ወደ ትክክለኛው ግምት ከመራው ስያሜው ቆሟል፤ ወደ ተቃራኒው ከመራው፣ ሥርወ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ከመዝገቡ መውጣት አለበት።